ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ጥያቄ፦ ከኒው ዮርክ ኬኔዲ እስከ ለንደን ሂትሮ አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን 5,540 ኪሎ ሜትር ለ900 ሳካፍለው ስድስት ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይመጣልኛል። ትኬቱ ላይ ግን ሲሄዱ ሰባት፣ ሲመለሱ ስምንት ሰዓት ገደማ ተጽፏል። ሂሳቤ የት ላይ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማካፈሉ ትክክል ነው፤ የተረሳው ነፋሱ ነው። 900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትልቅ ጄት በአየሩ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው፤ አየሩ ራሱ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ከሰሜን አትላንቲክ በላይ፣ 10 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ አለ። በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው ብለን እንያዝ። ወደ ለንደን ሲሄዱ ከኋላ ስለሚገፋ ፍጥነቱ 1,000 ይሆናል፤ 5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ። ሲመለሱ 800 ብቻ ይቀራል፤ 6 ሰዓት ከ55። ልብ ይበሉ፦ ሲሄዱ የተረፈው 37 ደቂቃ ነው፣ ሲመለሱ የጠፋው 46። ነፋሱን ተጋፍቶ የሚበረርበት ጊዜ ስለሚረዝም ትርፉ ኪሳራውን አያካክስም።

ቀሪው ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያልቀው በአብዛኛው ከመሬት አጠገብ ነው። ትኬት ላይ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። ወደ መንደርደሪያው ለመድረስ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ወረፋ ካለ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፤ መስመሩም እንደ ክር ቀጥ ያለ አይደለም። አየር መንገዶችም ለመዘግየት መጠባበቂያ ደቂቃዎች ይጨምሩበታል፤ ቀድመው ሲደርሱ ብዙም አይደነቁ።

ጥያቄ፦ ርቀቱን ራሴ ማስላት ብፈልግስ?

መልስ፦ ሳይንና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር ይበቃዎታል። ኬኔዲ 40.64 ዲግሪ ሰሜን፣ 73.78 ምዕራብ ነው፤ ሂትሮ 51.47 ሰሜን፣ 0.45 ምዕራብ። የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን ያባዙ፤ 0.5095። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን አባዝተው፣ ያገኙትን በኬንትሮሶቹ ልዩነት (73.33) ኮሳይን ያባዙ፤ 0.1356። የሁለቱ ድምር 0.6451 ነው። አርክ ኮሳይኑ (ኮሳይኑ ይህ ቁጥር የሆነው ማዕዘን) 49.83 ዲግሪ ይሆናል፤ በምድር ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በ111.2 ሲባዛ 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካልኩሌተሩን በዲግሪ ፈንታ ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ትቶ ነው። ሁለተኛው ስሕተት 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃን 40.38 ብሎ መጻፍ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ ትክክሉ 40.63 ነው፣ ስሕተቱም ጣቢያውን 28 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ያዛውረዋል። አንዱ ጣቢያ ምሥራቅ፣ ሌላው ምዕራብ ከሆነ ደግሞ ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም። የሆነ ቦታ 2,990 የሚል ካዩ የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር።

ጥያቄ፦ ከኒው ዮርክ 18:30 ተነስቶ ለንደን በማግስቱ 06:30 የሚደርስ በረራ 12 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለቱም በየአካባቢያቸው ሰዓት የተጻፉ ናቸው። ለንደን በ5 ሰዓት ስለምትቀድም በረራው 7 ሰዓት ነው። መጋቢት ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ አሜሪካ ሰዓቷን ከብሪታንያ ቀድማ ስለምታዞር ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ልዩነቱ 4 ሰዓት ብቻ ነው።