ከሚኒሶታ የመጣው መወጣጫ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ዳቶ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በቤተሰብ መሬት ዋንዛና ግራቪሊያ ላይ የሰቀልኳቸው አሥራ አንድ ቀፎዎች አሉኝ። የአጎቴ ልጅ ከሚኒሶታ ሲመጣ አራት የአልሙኒየም መወጣጫ አመጣልኝ። እዚያ አጋዘን አዳኞች ዛፍ የሚወጡበት ነው። አንዱ ክንድ ያህላል፤ ግራና ቀኝ መረገጫ አለው፤ በቀበቶ ግንድ ላይ ይታሰራል። ላዩ ላይ 300 ይላል። ሦስት መቶ ኪሎ ከቻለ እኔና ወንድሜ አብረን ብንወጣበት ምን ችግር አለው? ደግሞ የአንዱ መረገጫ ተሰንጥቆ ነው የደረሰኝ። የሰፈራችን በያጅ በአሥር ደቂቃ እጠግነዋለሁ፣ ከፈለግክም በብረት አምሳያውን እሠራልሃለሁ ብሏል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ያቺን 300 እንያት። ኪሎ አይደለችም፣ ፓውንድ ናት። አሜሪካኖች የሚመዝኑት በፓውንድ ነው፤ በእኛ 136 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እሱም ላንተ ብቻ አይደለም። ጫማህ፣ ቢላህ፣ የተሸከምከው ማር ሁሉ እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ወንድምህ መሬት ይቁም። ለነገሩ ዕቃ በገመድ የሚያቀብልህና ብትወድቅ የሚጮህልህ ሰው ያስፈልግሃል።

ዕቃው ግን ጥሩ ዕቃ ነው። አዳኙ ዛፍ ላይ አምስት ስድስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ትንሽ መቀመጫ ላይ ሆኖ ነው አጋዘኑን የሚጠብቀው። መወጣጫውን ጫካ ለጫካ ተሸክሞት ስለሚሄድ ቀላል እንዲሆን ይፈልጋል። አልሙኒየም በእኩል መጠን ከብረት ጋር ቢመዘን ሲሶውን ያህል ነው። እዚህ አገር አደን ያለ ፈቃድ አይቻልም። አንተ የምታድነው ማር ስለሆነ ግድ የለም።

አንድ ነገር ግን ከአዳኞቹ ውሰድ። መወጣጫዎቹ ሲጋጩ ኳ እንዳይሉ በጨርቅ ወይም በፕላስተር ይጠቀልሏቸዋል፤ አጋዘን ይሰማላ! አንተም ጠቅልል። ንብ የግንዱን ንዝረት ታውቃለች። ጢሱን ሳታደርስ ቀፎውን ካንቀጠቀጥክ፣ ያንን ሁሉ ከፍታ ላይ ሆነህ ነው የምትነደፈው። የተነደፈ ሰው ደግሞ እጁን ይለቃል።

ወደ በያጁ ልምጣ። አይሆንም። ሰውየው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ብረት ሲግል ይቀላል፣ በያጁም ቀለሙን አይቶ ያውቀዋል። አልሙኒየም ግን ሳይቀላ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ላዩን የሸፈነው ስስ ዝገቱ ደግሞ ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ስለዚህ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይፈስሳል። ለበር በሚያገለግለው ተራ ኤሌክትሮድ የሚያስተማምን ብየዳ አይወጣለትም። አርጎን ጋዝ ያለው ማሽንና የለመደ እጅ ያስፈልጋል። በአርጎን ቢበየድ እንኳ፣ በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ አልሙኒየም ብየዳው አጠገብ ይለሰልሳል። የተሰነጠቀውን ጣለው። ሦስቱ ይበቁሃል፤ ቀፎዎችህን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ስቀል። በብረት ይሠራልህ የሚለው ክፋት የለውም፤ ብቻ ትከሻህ ይወቀው። ሲጨርስ መሬት ላይ፣ ከግንዱ ሥር አስረህ ዝለልበት። ሊሰበር ከሆነ እዚያው ይሰበር።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ዘለበቱን ጥብቅ አድርገህ ከሳብክ በኋላ መወጣጫውን በሁለት እጅህ ወደ ታች ጎትተው፤ ግንዱን ይንከስ። ካልነከሰ አትርገጠው። በአንዱና በሌላው መካከል ጉልበትህን ያለ ትግል የምታነሳበት ርቀት ይኑር፤ ሦስት ስለቀሩህ ብለህ አታራርቃቸው። ዝናብ የመታው ቅርፊት ላይ አትውጣ። ጎባጣ ዋንዛ ለዚህ ዕቃ አይመችም፣ ቀጥ ያለው ግራቪሊያ ይሻለዋል። የግራቪሊያ ቅርንጫፍ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ግንዱን እንጂ ቅርንጫፉን አትመን። ማር ቆርጠህ ስትወርድ ቀበቶዎቹንም ፈትተህ ውሰድ። ፀሐይ ያደርቃቸዋል፣ አይጥ ይቆረጥማቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት ስትመጣ ደህና ይመስሉሃል፤ አይደሉም።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ። ስለ ገመድ አንድ ቃል አልጻፍክም።

በ1987 ዓ.ም. ወንዶ ገነት አካባቢ የዛፍ ዘር እለቅም ነበር። አንድ ግራቪሊያ ላይ ነኝ። ገመዴ ግንዱን አቅፎ ወገቤ ላይ ታስሯል። ከላዬ ቅርንጫፍ መጣ፤ ገመዱ አላልፍ አለ። ፈታሁት። ከቅርንጫፉ በላይ አዙሬ መልሼ ላስረው ነው፣ አንድ ትንፋሽ ብታህል ነው። እግሬ ሥር ያለው ቅርፊት ተላጠ። አራት ሜትር ገደማ ይሆናል የወደቅኩት። መሬት ላይ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ገመዱን ነው፤ ቀኝ እጄ ላይ ተጠቅልሎ፣ ደህና፣ ምንም ሳይሆን። ግራ አንጓዬ ግን ክረምት ሊገባ ሲል እስከ ዛሬ ይነግረኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለ ሁለት ገመድ አልወጣም። ቅርንጫፍ ጋ ስደርስ ሁለተኛውን ከበላዩ አስራለሁ፤ ክብደቴን ጥዬበት እፈትሻለሁ፤ ከዚያ ነው የመጀመሪያውን የምፈታው። አንተም ከመሬት እግርህን ከማንሳትህ በፊት እሰር። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ግን አይበቃህም። ትከሻና ጭን የሚይዘውን፣ የሕንፃ ሠራተኞች ሴፍቲ ቤልት የሚሉትን ግዛ። እሱም ቢሆን ወድቀህ ከያዘህ በኋላ ለረጅም ጊዜ መንጠልጠያ አይደለም፤ ጭንህ ላይ ደም ያግዳል። ጫፉ ላይ እግር የሚያስገባ ቋጠሮ ያላት አጭር ገመድ ኪስህ ትኑር፤ እሷን ረግጠህ ትቆማለህ፣ እስኪያወርዱህ ድረስ።

የመብራት ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ላይ ይህን ዕቃ ፈጽሞ አታስር። አልሙኒየም ራሱ ሽቦ የሚሠራበት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አላሙራ በኩል ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ያለው አቮካዶ ረዝሞብኛል። ልጄ እየወጣ እንዲለቅምልኝ ግንዱ ላይ ትልልቅ ሚስማር ልምታበት? ባለቤቴ ዛፉ ይደርቃል ይላል።

መልስ፦ እሜቴ፣ ባለቤትዎ ትንሽ አጋነዋል። በሚስማር ብቻ ዛፍ ወዲያው አይደርቅም። ግን እያንዳንዱ ሚስማር ቁስል ነው፤ በቁስሉ መበስበስ ይገባል። አሜሪካም ግንድ ውስጥ የሚጠመዘዝ መረገጫ አለ፤ ብዙ የመንግሥት ደኖች ውስጥ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ነው። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ድንገት ይገነጠላል፤ ሳይነግር። ማንንም አያውጡበት። ረጅም ሸንበቆ ይያዙ። ጫፉ ላይ የሽቦ ቀለበት ይሰሩና ከረጢት ይስፉበት፤ ከቀለበቱ አፍ ላይ የምላጭ ስባሪ ወይም ትንሽ ቢላ ያያይዙ። ፍሬው ከረጢቱ ውስጥ ሲገባ ሳብ ያደርጋሉ፣ ይቆረጣል። አንገቱ ላይ ትንሽ እንጨት ይቅርበት፤ ከሥሩ የተነቀለ ፍሬ ከዚያው በኩል ይበሰብሳል። አቮካዶ ዛፍ ላይ አይበስልም፣ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ቀን ማውረድ የለብዎትም፤ ለሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ ያውርዱ። ለቀማው ሲያልቅ ደግሞ አናቱን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያስቆርጡት። በሁለት ሦስት ዓመት ሸንበቆው ራሱ ይረዝምብዎታል።