የጓዳችን የድሮ ጠርሙሶች፦ ከጎንደር ሰብሳቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በየጓዳችን ማር፣ ማርማላታና ቅመም ሲያኖሩ የቆዩት የመስታወት ጠርሙሶች ቦታቸውን ለፕላስቲክ እየለቀቁ ለቁራሌው ይሸጣሉ፤ አልፎ አልፎም በልዋጭ ይሄዳሉ። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ አክስቴ ከአሜሪካ ባመጣችልኝ ጠርሙስ ላይ «1858» የሚል ጽሑፍ ጎልቶ ይታያል። በእውነት ያን ያህል ዕድሜ አለው?

ልጄ፣ በቁጥሩ ብቻ አትፍረድ። ጆን ላንዲስ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ተጠምዝዞ የሚዘጋ አፍ ላለው ጠርሙስ የፈጠራ መብት ያገኘው ኖቬምበር 30 ቀን 1858 እ.ኤ.አ. ነው። ከእርሱ በኋላ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ያንኑ ቀን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በጠርሙሶቻቸው ላይ ሲያወጡት ኖረዋል። ስለዚህ አካሉን መርምር። መጀመሪያ ከንፈሩን በጣትህ ዳስሰው፤ ተሞርዶ ሻካራ ከሆነ በሰው ትንፋሽ ተነፍቶ የተሠራ ነው። ለስላሳና ክብ ከሆነ ደግሞ ገልብጠህ ግርጌውን እየው። እዚያ ዙሪያው ያልተስተካከለ ክብ ጠባሳ ካገኘህ ማይክል ኦወንስ በ1903 እ.ኤ.አ. ለሥራ ካበቃው የጠርሙስ ማሽን ዓይነት የወጣ ነው። ብዙ ሰው በጎኑ ያለው የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ መስመር እስከ አፉ ጫፍ ከደረሰ የማሽን ሥራ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ እኔ ግን አልመክርም፣ አፉ በተሞረደ ጠርሙስ ላይም መስመሩ እስከ ጫፍ ሊደርስ ይችላልና። ቀለሙ ውኃ ሰማያዊ ሆኖ «ቦል» የሚል ስም ካለበት መቀመጫው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በማንሲ ከተማ የነበረው ኩባንያ ሥራ ነው፤ ያ ሰማያዊ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀርቷል።

ከፒያሳ፦ ሰዎች «የጣሊያን ጊዜ ነው» እያሉ የሚሸጡልንን እንዴት እንመን?

የጣሊያን ጦር በጎንደር የቆየው ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ነው። የጣሊያን ጠርሙስ ግን ከዚያ በኋላም በንግድ መጥቷል፤ ስለዚህ የጣሊያንኛ ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግርጌው ላይ እርስ በርስ የሚከታተሉ ሦስት ቀስቶች ካዩ አይግዙ፤ ይህ ዕቃን መልሶ ጥቅም ላይ የማዋል ምልክት ራሱ የተፈጠረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁሉ በላይ የማምነው ዕቃው የኖረበትን ቤት ቃል ነው። ማን ገዛው? ምን ይቀመጥበት ነበር? ሻጩ ይህን መመለስ ካልቻለ ዋጋውን እንደ ተራ ጠርሙስ ይነጋገሩ።

ከማራኪ፦ ከአያቴ የወረስሁት ጠርሙስ ውስጡ ጉም ለብሷል። በአመድና በአሸዋ ልሸው?

እኅቴ፣ አሸዋውን እባክሽ ተዪው፤ የጫረውን መልሶ የሚያድን የለም። ለብ ባለ ውኃ አቸቶ ቀላቅለሽ አሳድሪበት። ጉሙ የውኃ ኖራ ከሆነ ይለቃል። ካልለቀቀ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ያኔ እንዳለ አስቀምጪው።

ከአራዳ፦ ንጥር ቅቤና አዋዜ ላስቀምጥበት እችላለሁ?

ትኩስ ንጥር ቅቤ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ማፍሰስ ጠርሙሱን ማፈንዳት ነው፤ በተለይ በዕድሜ ብዛት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ቅቤው ቀዝቀዝ ይበል። አዋዜ ኮምጣጣ ስለሆነ የዚንክ ክዳን ይበላል፤ በእርሱ አይክደኑት። ሽሮ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ግን በእንዲህ ያለ ጠርሙስ ያምራሉ። በርበሬን ከብርሃን ያርቁት፣ ቀለሙ ይነጣል። አፉ ላይ ያለው ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ አዲስ ይግዙ። ለማርማላታ የሚቀቅሉትም ይህን ያስቡ፦ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ ረዘም አድርገው ማፍላት አለብዎት። የመድኃኒት ወይም የተባይ ማጥፊያ የነበረበትን ጠርሙስ ግን ለምግብ በፍጹም።

ከቅዳሜ ገበያ፦ ትንሽ የነቃ ብርሌ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። ለጠጅ አይሆንህም። ለመደርደሪያ ግን ቅርጹ ጥሩ ከሆነ በርካሽ ግዛው።

ከፋሲል ግቢ አካባቢ፦ አፈር ስንቆፍር የድሮ መስታወት ስብርባሪ እናገኛለን። መሰብሰብ ይቻላል?

አትንኩት። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከአፈር የወጣ ስብርባሪም ከቦታው ከተነሣ ምስክርነቱ ይጠፋል። ባለበት ትታችሁ ለቅርስ ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

ከአዘዞ፦ ወረቀቱ የተላጠ ጠርሙስ ላይ የቀረውን ላንሣው?

አታንሣው። የተላጠ ወረቀትም ቢሆን የት እንደታሸገ፣ ማን እንዳስመጣው ሊናገር ይችላል። ስትጠርገው ደረቅ ጨርቅ ተጠቀም፤ ውኃው ውስጡን ብቻ ይንካ። ከማን ጓዳ እንደመጣ በትንሽ ወረቀት ጽፈህ ውስጡ ክተት፤ በማጣበቂያ አትለጥፍበት።