ዝንቡን ከማሰራችሁ በፊት ዓሣውን እዩት

ልጆቼ፣ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ለማጥመድ የምትጓጉ ወጣቶች ከየትኛውም ጥያቄ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ይህን ነው፦ «የትኛው ዝንብ ነው የሚይዘው?» ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቀን ቀን አጥማጆችን ውሃ ዳር እየመራሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሞርሳ ፊት ተቀምጬ ላባና ፀጉር መንጠቆ ላይ እያሰርኩ ነው። እና የዝንቡ ጥያቄ ሁለተኛ ነው እላችኋለሁ። መጀመሪያ ዓሣው ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት ልመዱ።

ካርፕ አፉ ወደ ታች ይዘረጋል። በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጺሞች አሉት፤ ጭቃውን በእነሱ እየዳሰሰ ይቀምሳል። የሚበላ ነገር ሲያገኝ ከነደለሉ ይስበዋል፣ የማይፈልገውን ይተፋል። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ቀንድ አውጣ የሚፈጨውም በዚያ ነው። እናንተ ያሰራችሁትንም ዝንብ እንዲሁ ስቦ ይቀምሰዋል። ከዚያ ይተፋዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ በጣም አጭር ናት፤ ሥራችሁ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ስለዚህ ውሃው ዳር ስትደርሱ ዘንጋችሁን አትዘርጉ። የውሃውን ነጸብራቅ የሚያጠፋ ፖላራይዝድ መነጽር አድርጉና ቁሙ። ጭንቅላቱን ደፍቶ ጭራውን ወደ ላይ ያነሳ፣ ዙሪያውን ጭቃ የሚያጨስና አረፋ የሚያወጣ ካርፕ እየበላ ነው። የእናንተ ዓሣ እሱ ነው። ከዳር ዳር ቀስ እያለ የሚሄደውም ሊበላ ይችላል። ፀሐይ ላይ ተንሳፍፎ የተኛውን፣ በፍጥነት የሚያልፈውን፣ ከውሃ የሚዘለውን ግን እለፉት። ወጣት አጥማጆች ብዙውን ጊዜ ቀናቸውን የሚያባክኑት በእነዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ሆነው ስለሚታዩ ያጓጓሉ።

አረማመዳችሁንም ጠብቁ። ካርፕ የአየር ከረጢቱን ከጆሮው ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች ስላሉት በደንብ ይሰማል። ከጫማችሁ ሥር የተንከባለለች ድንጋይ ታስደነግጠዋለች። ሌላም ነገር አለ። የእንስሳት ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1938 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የካርፕ ዘመድ የሆነ ትንሽ ዓሣ ቆዳው ሲቆስል ከቆዳው የሚወጣው ነገር ሌሎቹን ያስበረግጋል። እኔ አንድ ካርፕ ከታገለበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ እነሳለሁ። እናንተም ተነሱ፣ ወደፊት ሂዱ።

አሁን ወደ ሞርሳው እንመለስ። ከመልኩ ይልቅ ስለ ክብደቱ አስቡ። ዝንቡ ዓሣው አፍ ፊት በሰዓቱ ካልደረሰ ውበቱ ምንም አይጠቅምም። ከመጠን በላይ የከበደ ዝንብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ «ጧ» ብሎ ሲወድቅ ዓሣው ይጠፋል። የቀለለው ደግሞ ሳይሰምጥ ዓሣው ያልፈዋል። ስለዚህ አንዱን ዓይነት ዝንብ በሦስት ክብደት እሰሩ። ቁርጭምጭሚት ለሚያክል ውሃ ምንም ክብደት የሌለው ይሁን። እስከ ጉልበት ለሚደርስ ከዶቃ ሰንሰለት የተቆረጠ፣ ለዝንቡ ዓይንም ክብደትም የሚሆን ጥንድ ዶቃ ይበቃል። ከዚያ ለሚጠልቅ የብረት ወይም የእርሳስ ዓይን እሰሩ። የመጨረሻውን የክር ጥምጥም በየክብደቱ የተለያየ ቀለም አድርጉት፤ ሳጥናችሁን ስትከፍቱ አትደናገሩም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል እያደረጋችሁም አሰማመጣቸውን አወዳድሩ።

ዓይኑን በመንጠቆው ዘንግ ላይኛ ጎን እሰሩት። ያኔ ዝንቡ ተገልብጦ ስለሚሰምጥ የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል፣ ከሥር ያለ ሣር አይዝም። መንጠቆው ቁጥር 6 ወይም 8፣ ሽቦው ወፍራም ይሁን። ትራውት ለሚባለው ዓሣ የተሠራ ቀጭን መንጠቆ በትልቅ ካርፕ ይቃናል። ለገላው ቡናማ ወይም የወይራ ቀለም ያለው የጥንቸል ፀጉር፣ ለጭራው ለስላሳ የማራቡ ላባ፣ ለእግሩ አንድ ሁለት የላስቲክ ክር። ማራቡን የምወደው ሳይጎተት ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ ካርፕ ቆም ያለውን ነው የሚለቅመው። ጭራውን አሳጥሩት። ረጅም ከሆነ ዓሣው ላባውን ብቻ ስቦ ይተፋል፣ መንጠቆው ውጭ ይቀራል።

ስለ ዘንጉ ብዙ አልልም። ቁጥር 7 ወይም 8፣ ተንሳፋፊ ክር፣ ጫፉ ላይ ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ቀጭን ክር።

አወራወሩ ላይ ግን ልቆይ። ዓሣው ላይ አትወርውሩ። ከእሱ አሳልፋችሁ ጣሉት፤ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ዝንቡን በውሃው ፊት ላይ እየጎተታችሁ አምጡት። ከአፉ ፊት አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ሲቀር ልቀቁት፣ ይስመጥ። ከዚያ ዓይናችሁን ከዓሣው ላይ አትንቀሉ። እጃችሁ ምንም ላይሰማው ይችላል። የምታዩት ግን አለ፤ ካርፑ ዘንበል ይላል፣ ይቆማል፣ ጉንጩ ይከፈታል፣ አንዳንዴ የአፉ ነጭ ብልጭ ይላል። ያኔ ክሩን በእጃችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ዘንጉን ሽቅብ አትመንጭቁ። ቢስታችሁ እንኳ ዝንቡ እዚያው አጠገቡ ይቀራል፣ ዕድሉም ገና አላለቀም።

ይህ ዓሣ በብዙ አገር የጭቃ ዓሣ ተብሎ መናቁ ያሳዝነኛል። ቀረብ ብሎ ያየው ሰው አይንቀውም። ግን ካርፕ ባልነበረበት ውሃ ሲገባ ሥሩን እየቆፈረ፣ ውሃውን እያደፈረሰ የሌላውን ፍጥረት ኑሮ ያበላሻል። ስለዚህ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ በሕይወት አታሻግሩ። ጫማችሁንና መረባችሁን አጥባችሁ አድርቁ። የያዛችሁትን የመመለስ ወይም ያለመመለስ ጉዳይም የሕግ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ የተያዘ ካርፕ በሕይወት ወደ ውሃ መመለስ ክልክል ነው። የምትሄዱበትን ቦታ ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መመለስ በሚፈቀድበት ቦታ ደግሞ ከመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን ሹል በጉጠት ተጭናችሁ አስተኟት፣ እጃችሁን አርጥቡ፣ ዓሣውንም ደረቅ መሬት ላይ አታስተኙት።