ቱርቦውን ከመቀየርህ በፊት ዘይቱን እይ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አይሱዙ ነው የምነዳው፣ ከአዳማ አዲስ አበባ ሽንኩርት እጭናለሁ። ሰሞኑን ዘይት እየቀነሰብኝ ነው፣ ከስር ግን ጠብታ የለም፣ ጠዋት ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ አለው። ጋራዥ ወስጄው ቱርቦው ሞቷል ቀይረው አሉኝ፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ለመሆኑ የቱርቦ ስራው ምንድነው? አቁመህ ወዲያው አታጥፋ የሚሉትስ እውነት ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ ብሩን ለጊዜው ያዘው። ቱርቦ ውስጥ በአንድ ሻፍት የተያያዙ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች አሉ፣ አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ እሱ ሲዞር ሌላኛውም ይዞርና ንፁህ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ይገፋል፣ አየር ሲበዛ ብዙ ናፍታ በደንብ ይቃጠላል ጉልበት ታገኛለህ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ታልፋለች፣ እዛ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦ የሌለው መኪና ወደ ላይ ሲወጣ የሚለግመው ለዛ ነው።

ሻፍቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሄዳል፣ የሚዞረው ስስ ዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ጭነህ ዳገት ወጥተህ እንደቆምክ ካጠፋኸው የዘይት ፓምፑም ይቆማል፣ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ያርና ቱቦውን ይደፍናል። ስለዚህ አዎ እውነት ነው፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጥ እየሰራ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ተወው። ቱሉ ዲምቱ ቶል ላይ ተሰልፈህ ቀስ እያልክ ከገባህ ግን ቀዝቅዟል አትጨነቅ።

የጠዋት ሰማያዊ ጭስ ዘይት በቫልቩ በኩል ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ የሚይዘው የቫልቭ ጎሚኒም ሊሆን ይችላል፣ ፋሻም (የፒስተኑ ቀለበት)። መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ አስፈታና ሻፍቱን በጣትህ ነካ አድርገው፣ ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ያለ ነው፣ ገባ ወጣ ካለ ወይም ክንፉ ቤቱን ከነካ ግን አልቋል። ከተቀየረም የዘይት ማስገቢያና መመለሻ ቱቦዎቹ ሳይፀዱ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ሳይቀየር እንዳታስገጥም፣ አዲሱም በአጭር ጊዜ ይበላል፣ ስንት ሹፌር ነው በዚህ ሁለቴ የከፈለው!

እስከዛው አደራ የምልህ፣ የሚያፈስ ቱርቦ ዘይት ወደ ሞተሩ ከላከ ሞተሩ ነዳጅ ሳትሰጠው ብቻውን ሊጮህ ይችላል፣ ቁልፍ ብታጠፋም ዘይቱን እያቃጠለ ይቀጥላል። እንደዛ ከሆነ ፍሬን ረግጠህ ያዝ፣ ትልቅ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ልቀቀው፣ ታንቆ ይጠፋል።