የኮርሳ ብስክሌት ዕቃ መቀየር ያዋጣል? የጎንደር አንባብያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ በመጠነኛ ዋጋ የተገዛ ኮርሳ ያላቸው አንባብያን ዕቃውን በተሻለ ዕቃ መተካት ያዋጣቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄው በጎንደር ሲነሣ ክብደቱ ይለያል። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከዳገት ጋር ሳይተዋወቅ ወራት ሊያሳልፍ ይችላል፤ የእኛ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚመለሰውን ሁሉ በየቀኑ ታስከፍለዋለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር በመጀመሪያ ለዳገት፣ ለቁልቁለትና ለአቧራ የታሰበ መሆኑን አንባብያን ይያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ሺማኖ ክላሪስ የሚባል ባለ 8 ማርሽ ዕቃ የተገጠመለት ኮርሳ አለኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለገና ስለሚመጣ ሺማኖ 105 የሚባለውን የተሻለ ባለ 11 ማርሽ ዕቃ እንዲያመጣልኝ አስቤያለሁ። ያዋጣኛል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አያዋጣዎትም፤ ምክንያቱን ግን በዝርዝር ልንገርዎ፤ ይህን ጥያቄ ያቀረቡልኝ እርስዎ ብቻ አይደሉምና። ከ8 ወደ 11 ማርሽ የሚሻገር ሰው አንድ ዕቃ ብቻ ቀይሮ አይተርፍም። መሪው ላይ ያሉት መቀየሪያዎች በአንድ ጠቅታ የሚስቡት የሽቦ ርዝመት ከኋላው ማርሽ መቀየሪያ ጋር የተመጠነ ስለሆነ ሁለቱም አብረው መለወጥ አለባቸው፤ ካሴቱ፣ ማለትም ከኋላው ቸርኬ ላይ የተደረደሩት ጥርሶች፣ እና ካቴናው ይከተላሉ፤ የፊቱ መቀየሪያም አይቀርም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የኋላው ቸርኬ ነው። ለባለ 8፣ ለባለ 9 እና ለባለ 10 ማርሽ ኮርሳ የተሠራው ካሴት መያዣ ለባለ 11 ከሚያስፈልገው በ1.85 ሚሊ ሜትር ያጠረ በመሆኑ፣ የተለመደው ባለ 11 የኮርሳ ካሴት በእርስዎ ቸርኬ ላይ አይቀመጥም። ወንድምዎ እንግዲህ ቸርኬም ጭምር ተሸክሞ መምጣቱ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው የሚያገኙት ጥቅም ምንድን ነው? በማርሽና በማርሽ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ መቀየሪያው ለጣት ይለሰልሳል፤ ብስክሌቱም በጥቂቱ ይቀላል። ዳገት የሚያቀልልዎ ግን ከኋላ ያለው የትልቁ ጥርስ መጠን እንጂ የጥርሶቹ ብዛት አይደለም፤ 32 ጥርስ ያለው ባለ 8 ካሴት 28 ጥርስ ላይ ከሚያበቃ ባለ 11 ይልቅ ወደ ፒያሳ በሰላም ያደርስዎታል። በዚያ ላይ የባለ 8 ካቴና ወፍራምና ርካሽ ነው፤ ቢበጠስም እዚሁ ከተማ ውስጥ ምትክ ይገኝለታል። የባለ 11 ቀጭን ካቴና ግን ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አሰቅሎ ሊያቆይዎ ይችላል።

ወንድምዎን ሌላ ነገር ይዘዙት፤ ሁለት ጥሩ ተጣጣፊ ጎማ፣ ለሁለቱም ፍሬን የሚሆን የፍሬን ጎማ፣ እንዲሁም የማይዝግ የማርሽና የፍሬን ሽቦ ከነሽፋኑ። ይህ ሁሉ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሽቦውን አትናቁት። «ማርሹ አርጅቷል» ተብሎ ከቀረበልኝ ብስክሌት ላይ የድሮውን ሽቦ ስመዝ ብዙ ጊዜ የማገኘው አንድ ነው፤ ሽፋኑ ወደ ኋላው መቀየሪያ የሚታጠፍበት ጫፍ ላይ ሽቦው ቡና መስሎ ዝጎ፣ አቧራና የደረቀ ዘይት እንደ ጭቃ ተጋግሮበት ይወጣል። አዲስ ሽቦ ገብቶ ሲወጠር ያው «ያረጀ» ማርሽ ቀጥ ብሎ ይሠራል።

ለወደፊቱም የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ የሚገዙት ዕቃ ድምር ብስክሌቱ ዛሬ ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ ሢሶውን ካለፈ፣ ዕቃውን ትቶ ገንዘቡን ለሚቀጥለው ብስክሌት ማስቀመጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኮርሳ ገዝቻለሁ። ከፊት 53 እና 39 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 25 ጥርስ አለው። ዳገት ላይ ከኮርቻዬ ተነሥቼ እየረገጥኩ እንኳ ጉልበቴ ይከዳኛል። ልምምድ ይፈታዋል ወይስ ዕቃ ልቀይር? (ከማራኪ፣ ተማሪ)

መልስ፦ በዕድሜ ልጄ ስለምትሆን አንተ ብዬ ልመልስልህ። ጥፋቱ የጉልበትህ አይደለም፤ የገዛኸው ብስክሌት ጥርሱ ለተወዳዳሪ ታስቦ የተመረጠ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ700 ቸርኬ ከነጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2.1 ሜትር ይጓዛል። 39ን ለ25 አካፍለህ በ2.1 ብታበዛው፣ በጣም ቀላል በምትለው ማርሽህ ፔዳሉን አንድ ዙር በረገጥህ ቁጥር 3.28 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር ፍጥነትህ በሰዓት ወደ 11.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት ለረጅም ጊዜ የሚችል ሰው ጥቂት ስለሆነ ዙሩ ወደ 40 ይወርዳል፤ ዙሩ ሲቀንስ እያንዳንዱ ርግጫ ይከብዳል፤ ሸክሙም ጉልበት ላይ ያርፋል። ከኋላ 32 ጥርስ ብታስገባ ግን አንዱ ዙር 2.56 ሜትር ብቻ ይሆንና በዚያው 60 ዙር በሰዓት በ9.2 ኪሎ ሜትር መውጣት ትችላለህ። የፊቱም 34 ቢሆንልህ 2.23 ሜትር ይደርሳል፤ እግርህ የሚገፋው ኃይል አሁን ከሚገፋው በሢሶ ገደማ ይቀንሳል።

ስለዚህ ከኋላው ጀምር። ካሴቱን ስትገዛ የማርሹ ቁጥር አሁን ካለህ ጋር እኩል ይሁን። ቀጥሎ የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ተመልከት፤ ሁለቱ ትንንሽ መዘውሮች የተያዙበት ክንድ አጭር ከሆነ 32 ጥርስ ስለማይችል ክንደ ረጅሙን ዓይነት አብረህ ግዛ። ካቴናውም መርዘም ይኖርበታል፤ ካቴናው አጥሮ ሳለ ከፊት ትልቁን ከኋላም ትልቁን የመረጥህ ቀን መቀየሪያው ሊሰበር፣ የተሰካበትም የፍሬም ጆሮ ሊጣመም ይችላል። የፊቱን 39 በ34 ለመተካት የምታስብ ከሆነ ደግሞ ጥርሱን የያዙት አምስት ብሎኖች የተደረደሩበትን ክብ ስፋት ለካ፤ ክቡ 130 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ38 ያነሰ ጥርስ አይቀበልም፤ 34 የሚገባው ክቡ 110 ሚሊ ሜትር ሲሆን ነው። የአንተ 53 እና 39 ስለሆነ 130 ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ከሆነ የፔዳሉን ክንድ በሙሉ መቀየር ስለሚጠይቅህ ለጊዜው ተወው።

ጎንደር ለሚኖር ሰው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ «ቀይር» የምለው ዕቃ ቢኖር ይህ የኋላ ካሴት ነው።

ጥያቄ፦ የ700 በ23 ጎማ እጠቀማለሁ። ኮብልስቶን ላይ እጄ ይደነዝዛል። ሰፋ ያለ ጎማ ፍጥነት ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው? ደግሞ ሻጩ «27 ኢንችና 700 አንድ ነው» ይለኛል። (ከአራዳ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጎማ ጠቦና እንደ ድንጋይ ተነፍቶ ሲጠጥር ፈጣን የሚመስለው ንዝረቱ ስለሚያታልል ነው፤ ሻካራ መንገድ ላይ የጠጠረ ጎማ በየጠጠሩ እየዘለለ ወደ ፊት መሄድ የነበረበትን ጉልበት ወደ ላይ ያባክነዋል። ፍሬምዎና ፍሬኑ ቦታ ካላቸው 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ያስገቡ፤ ጎማው ተነፍቶ ሳለ በዙሪያው ከሁሉም በኩል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት፤ ካልቀረ በ25 ይወሰኑ። ክብደትዎ ወደ 65 ኪሎ ከሆነ ለ28 ጎማ ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ከኋላው ይልቅ የፊቱን በጥቂቱ ያለስልሱት።

27 ኢንች የሚለው ጎማ ከ700 ጋር ስሙ ቢቀራረብም አንዱ በሌላው ቸርኬ አይገባም። የጎማውን ጎን ያንብቡ፤ የ700 ኮርሳ ጎማ 622 የሚል ቁጥር ሲኖረው የ27 ኢንቹ 630 ይላል። የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ናት፤ ነገር ግን የ27 ኢንቹን ጎማ 700 ቸርኬ ላይ አስገድዶ የነፋው ሰው ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ካላማደሪያው ሲፈነዳ ያገኘዋል። ሲገዙ ደግሞ የጎማውን ጎን በጣትዎ ጎንበስ ያድርጉት፤ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ጎማ «አዲስ» ቢባልም እንደ ደረቀ እንጀራ ስንጥቅጥቅ ይላል።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴ 10 ኪሎ ይመዝናል። 1 ኪሎ የሚቀንስ ቸርኬ ብገዛ ዳገት ላይ ምን ያህል እጠቀማለሁ? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ እርስዎ 65 ኪሎ ከሆኑ ከብስክሌቱ ጋር 75 ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ 1 ኪሎ መቀነስ 1.3 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ ወደ 24 ሰከንድ ያተርፋሉ። ለተወዳዳሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ሥራ ለሚሄድ ሰው ግን ባጃጅ አሳልፎ ለመሻገር የሚቆምባት ጊዜ ናት። ያለዎት ቸርኬ ቀጥ ብሎ የሚዞር፣ ራጂዎቹም እኩል የተወጠሩ ከሆነ አይቀይሩት።

ጥያቄ፦ አዲስ ካቴና ካስገባሁ ወዲህ ጠንክሬ ስረግጥ ካቴናው እየዘለለ ያስደነግጠኛል። ሻጩ መጥፎ ዕቃ ሰጥቶኝ ይሆን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሻጩን አይጠርጥሩት። አሮጌው ካቴና እየረዘመ ሲሄድ የኋላ ጥርሶቹን በራሱ ልክ በልቷቸዋል፤ አዲሱ ካቴና ከተበላው ጥርስ ጋር ስለማይገጥም ይዘልላል። አሁን ካሴቱንም መቀየር ግድ ይሆንብዎታል። ለሚቀጥለው ግን በጊዜ ይለኩ። ከአንድ ፒን መሐል ጀምረው 24 ማያያዣ ቢቆጥሩ በአዲስ ካቴና ርዝመቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተማሪ ማስመሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያልቅ የአናጢ ሜትር ይጠቀሙ። 306 ሚሊ ሜትር አልፎ ወደ 307 ሲጠጋ ካቴናውን ብቻ ቀይረው ካሴቱን ያተርፉታል። በበጋ አቧራ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ የሚወዱ ወዳጆች አሉን፤ ያ ዘይት ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይስለዋል። በየማያያዣው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉና ውጩን በጨርቅ አድርቀው ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከኮሶዬ በኩል ሲወርድ ፍሬኑ ይጮኻል፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ አይዝም ይለኛል። ፍሬኑን በሙሉ ልቀይርለት? (ከአንዲት እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሬኑ በሙሉ አያስፈልግም፤ የፍሬኑን ጎማ ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይቀይሩለት። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ሐምሌ ላይ ከዚያው መንገድ ስወርድ፣ ከብስክሌቱ ጋር የመጣው የፍሬን ጎማ በዕድሜ ጠጥሮ ነበርና፣ የፍሬኑ እጀታ መሪውን እስኪነካ ጨብጬው ብስክሌቱ መሄዱን አላቆመም፤ ጫማዬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ የቆምኩት ከታጣፊው ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ነው። ርካሽ ኮርሳ ላይ ከፋብሪካው የሚመጣው የፍሬን ጎማ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። በብረት ሳጥን ውስጥ የሚንሸራተተውን፣ ሲያልቅ ጎማው ብቻ የሚለወጠውን ዓይነት ይግዙለት፤ በዚህ ሁሉ ገጽ ከጠቀስኳቸው ዕቃዎች በዋጋው ትንሹ፣ በጥቅሙ ግን ትልቁ እርሱ ነው።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ካሉ ከቸርኬው የተፋቀ አሉሚኒየም ነው፤ ጩኸቱ የሚመጣውም ቸርኬው የሚበላውም በዚያ ነው። ወደፊት አዲሱ ላይም እንዲህ ያለ ነጥብ ሲታይ በመርፌ እየነቀሰ አውጥቶ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ልጁ ራሱ የሚችለው ሥራ ነው። ቸርኬውንም በአልኮል ይጥረገው። አዲሱ ሲታሰር የፊተኛው ጫፉ ከኋለኛው በአንድ ካርድ ውፍረት ያህል ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ቢደረግ ጩኸቱ ይጠፋል። በዝናብ ጊዜ ጎማው መጀመሪያ ቸርኬው ላይ ያለውን ውኃ ስለሚጠርግ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ከታጣፊው አስቀድሞ እንዲነካካው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ አሁን ምንም የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ወገቤንና ጉልበቴን ግን ያመኛል። (ከአንድ መምህር)

መልስ፦ የሚገዙት ነገር የለም። ግድግዳ ተደግፈው ብስክሌቱ ላይ ይቀመጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ወደ ታች መጨረሻው ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካላለ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ወገብዎ ወደ ጎን ከተዘነበለ ደግሞ ከፍ ብሏል። በትክክል ሲነዱ የሚረግጡት በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ስለሆነ ጉልበትዎ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አይለውጡ፤ የድሮውን ቦታ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበትና ሦስት አራት ቀን ነድተው ይዩት። ኮርቻውን ከፍ ሲያደርጉ ግን ዘንጉ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ መስመር አያሳልፉ፤ መስመሩ ከወጣ ዘንጉ ፍሬሙን ሊሰነጥቀው ይችላል።