ለኮምቦልቻው ልጅ፦ ስለ ጭራቅህ ጥርስና ለሃጭ

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። ዘመድ ከውጭ የላከለት የፊልም ጭራቅ ፊገር፣ ማለትም ትንሽ ቅርጽ፣ አለው፤ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፎቶውንም አብሮ ልኮታል። «ጋሼ፣ አፉ አላማረኝም። ጥርሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው፤ ለሃጭም የለውም። ምን ባደርገው ይሻላል?» ይላል።

እኔ የጥርስ ቴክኒሻን ነኝ። ዕድሜዬን ደሴ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ነው የጨረስኩት። ፊገር መቀባት የጀመርኩት ልጄ ትቶት የሄደውን ዳይኖሰር አንስቼ አፉን ያየሁ ዕለት ነው። ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው አፍ ላይ ነው፤ ሙያ አይለቅም። ለልጁ በሁለት መስመር መልሼለት ላበቃ ነበር። ግን ፎቶውን ሳየው አንዲት እናት ትዝ አሉኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ነው። እኔ ገና ሥራ ለማጅ ነኝ። እማማ ከወረኢሉ በኩል መጡ። የላይኛው ጥርሳቸው በሙሉ ረግፏል። በወጣትነታቸው ፍንጭት ነበሩ። ድዳቸውም የተነቀሰ ነው፤ በእሾህና በጥላሸት። ጥርሱ ቢሄድም ንቅሳቱ አልሄደም። ከንፈራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ባዶው ድድ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ጥቁረት ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ልካቸው ተወሰደ፣ በጀሶ ተቀዳ። እኔ ጥርሶቹን ሰም ላይ ደረደርኩ። ሰሙ ላይ እያለ ማስለካት ደንብ ነው፤ የማይሆን ነገር ካለ የሚስተካከለው ያኔ ነው። አፋቸው ውስጥ አድርገን መስታወት ሰጠናቸው። ብዙ ቆይተው አዩት።

«ልጄ፣ ይቺ የማን ጥርስ ናት?» አሉኝ።

«የርስዎ ናት እማማ።»

«የኔማ መሐሏ በር ነበራት።» በምላሳቸው ቦታውን ነካ አደረጉት። «ድዴም እንዲህ የሕፃን ድድ አልነበረም። እናቴ ናት ለሠርጌ ያስነቀሰችኝ።»

ለአለቃችን ነገርኩት። «እኛ የምንሠራው በደረጃው ነው፤ ክፍተት ያለው ጥርስ ሠርተን ነገ ማን ይጠየቅልናል?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም የተማረው እንደዚያ ነው፤ ጥርስ ማለት እኩል፣ ድድ ማለት ሮዝ። የለማጅ ቃል ደግሞ እዚያ ቤት አይሰማም። ሰሙ ከነጥርሱ ብረት ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ጀሶ ፈሰሰበት። በፈላ ውሃ ሰሙ ቀለጠና በቦታው ድድ የሚሆነው ሮዝ ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ የምንለው፣ ተጠቀጠቀ። ተቀቀለ፣ ወጣ። ሞርጄ አበራሁት። በሙያ ዓይን እንከን አልነበረውም።

ከጊዜ በኋላ ሰኞ ገበያ አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸው ሳሙኝ። ሲስቁ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጥርሷስ አልኳቸው። «ለመብላት አደርጋታለሁ፤ ለሳቅ ግን የኔ አይደለችም» አሉኝ።

ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለት ጥርስ ሰም ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ማራራቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ንቅሳቱም ቢሆን ይቻል ነበር፤ ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ከአክሪሊክ ጋር ለውሶ በቀጭን ብሩሽ ድዱን ነካ ነካ ማድረግ ነው። የራሴን ክፍል ስይዝ ለሌሎች ሠርቼዋለሁ። እሳቸውን ግን ሳፈላልግ አርፈዋል አሉኝ። ፍረሽና ፊሸር የሚባሉ አሜሪካውያን የጥርስ ሐኪሞች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፉትን ያነበብኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የባለቤቱን ጾታ፣ ጠባይና ዕድሜ ማሳየት አለበት ይላሉ። እማማ ሳያነቡ የነገሩኝ ይሄንኑ ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ጭራቅህም ከፋብሪካ የወጣው በደረጃው ነው። ለሺዎች የተቀባ አፍ ነው። ብሩሽ ከማንሳትህ በፊት እሱ ማን እንደሆነ ወስን። ሽማግሌ ነው ጎረምሳ? አጥንት ይሰብራል ወይስ ሥጋ ይቦጭቃል? በየትኛው ጎኑ ነው የሚያኝከው? ብዙ የሚያኝክበት ጎን ጥርሱ ይበላል፣ ጫፉ ይዶለዱማል። ይሄን ሳትወስን የምትጨምረው ዝርዝር ሁሉ ጌጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

ነጭ ጥርስ የሚባል ነገር የለም። እኛ ቤት የጥርስ ቀለም የምንመርጥበት የታወቀው መለኪያ 16 ዓይነት ቀለም አለው፤ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ። አንዱም ወረቀት የመሰለ ነጭ አይደለም። ሥሩ አካባቢ ይጠቁራል፣ ወደ ጫፉ ይፈዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ክሬም ቀባው። ሲደርቅ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም በውሃ በጣም አቅጥነህ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ ጣል አድርግ፤ ራሱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ከላይ የቀረውን በእርጥብ ጥጥ ጥረገው። ድዱን ሮዝ ብቻ አድርገህ እንዳትተወው፤ ወይን ጠጅና ጥቁር ነጠብጣብ ይፈልጋል። ከአንዱ ክራንቻ ጫፍ ትንሽ ብትሸርፍለት ይበቃል። ሁሉንም ጥርስ ከሰበርክ ግን ታሪኩ ይጠፋል።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ትቸኩላላችሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶው ይለቀቃል። የሁላችሁም ጭራቅ አንድ ቪዲዮ አይታችሁ ስለምትሠሩት አንድ ዓይነት ቁስል፣ አንድ ዓይነት ደም አለው። ቪዲዮውን ዝጉና ሕይወት ያለው አፍ እዩ። ሰኞ ባቲ ገበያ ሂድ፤ ለአንተ ቅርብ ነው። ግመል ሲያዛጋ ጠብቅ። ጉንጩ ውስጥ ወደ ጉሮሮ የተቀሰሩ ሾጣጣ ሥጋዎች ተደርድረዋል፤ እሾህ ሲበላ አፉን የሚጠብቁለት እነሱ ናቸው። ከንፈሩ ጥግ ላይ አረፋ አለ። ጥርሱ በቅጠል ተነክሮ ወደ አረንጓዴ ቡናማ ሄዷል። የትኛው የፊልም ሰው ነው ከዚህ የበለጠ ጭራቅ አፍ የፈጠረው? እኔ መጀመሪያ ያየሁት አባቴ ለጨው ንግድ ይዞኝ ሲሄድ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ስለ ማጠብና ስለ ማድረቅ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። ብዙዎቹ ፊገሮች ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ያን ፕላስቲክ የሚያለሰልሰው ቅመም ከአንዳንድ የስፕሬይ ቀለም ጋር አይስማማም፤ ቀለሙ ለወራት ሙጫ ሙጫ እያለ ይቀራል። መጀመሪያ የእግሩ መርገጫ ላይ ሞክረው። ሁለተኛው፣ አንዳንዶቻችሁ የጥርስ አክሪሊክ ፈሳሽ ስጠን ትሉኛላችሁ። አልሰጥም። ሽታው ለሳንባ አይበጅም፤ ፕላስቲኩንም ይበላዋል።

ስትቀባ ፊገሩን በጣትህ አትያዘው። እግሩን ቡሽ ላይ አጣብቀህ ቡሹን ያዝ። በ1933 (እ.ኤ.አ.) በተሠራው ኪንግ ኮንግ ፊልም ላይ የ45 ሴንቲ ሜትሯ አሻንጉሊት ዝንጀሮ ፀጉር ያለ ነፋስ ሲርመሰመስ ይታያል፤ አንድ አንድ ምስል ሲነሳ በመሐል የሚያንቀሳቅሳት ሰው ጣት ነው። ትንሽ ነገር ላይ እጅ አይደበቅም።

አሁን ለሃጩ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኤሊየን ፊልም ሠሪዎች ጭራቁን ያንጠባጠቡት ሐኪም ቤት በምንጠቀምበት ውሃ አዘል ጄል ነበር። ለካሜራ ይሆናል፤ መደርደሪያ ላይ ግን ደርቆ ይቀራል። አንተ ሁለት ቱቦ ያለውን ግልጽ ሙጫ፣ ኢፖክሲን፣ ተጠቀም። እኩል ለውሰህ እንደ ማር እስኪወፍር ጠብቅ። በስንጥር ከላይኛው ጥርስ ጀምረህ ወደ ታችኛው ሳበው። ሁለቱ ጫፎች ወፍራም፣ መሐሉ ቀጭን ይሆናል፤ ትንሽ ሰርጎ ከቆመ እሰየው። ይሄን እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተማርኩት ከቪዲዮ ነው፤ የሚጠቅምም አለ ማለት ነው። ሦስት ክር ካለፈ አፉ የሸረሪት ድር ይሆንብሃል። እስኪደርቅ ድረስ ፊገሩን ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ካስተኛኸው ለሃጩ ወደ ጎን ይፈሳል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይም አታስቀምጠው፤ ኢፖክሲ ቢጫ ይሆናል።

የሚያበራ ቫርኒሽ ለዓይን፣ ለድድና ለምላስ ብቻ ነው። ቆዳው የማያበራውን ይቀባ። ለሃጩን ግን ከሁሉም ቫርኒሽ በኋላ አድርገው፤ አለዚያ ያፈዝብሃል። አብሽር፣ መጀመሪያ ላይ ቢበላሽ በስንጥር ተነቅሎ ይነሳል። ሲያልቅ ፎቶ ላክልኝ፤ አፉን ከጎን በኩል አንሳው፣ የሚያኝክበትን ጎን።