የኋላ ጎማ ሲይዝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሮጌ ሞተር ሳይክል አለኝ፤ የኋላ ፍሬኗ ባለ ታምቡር ነው። ጎማ ቀይሬ በዚያው አዲስ የፍሬን ሸራ ካስገባሁ ወዲህ የኋላ ጎማዋ አልዞር ብሎኛል። የፔርኖውን፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን የመሃል ዘንግ፣ ዳዶ ሳላላው ይዞራል፣ ሳጠብቀው ይይዛል። ትንሽ ነድቼ ስወርድ ታምቡሩ እጅ ያቃጥላል። የፍሬኑን ማስተካከያ ጨርሼ ባላላውም ለውጥ የለም። ሸራውን ልሞርደው?

መልስ፦ አትሞርደው፣ ወንድሜ። «ሳጠብቀው ይይዛል» ማለትህ ብዙ ነገር ነግሮኛል። ጎማ በያዘ ቁጥር ሁሉም ፍሬኑ ላይ ይዘምታል፤ ስንት ደህና ሸራ በከንቱ ተሞርዶ ተጥሏል። መጀመሪያ የያዘው ምን እንደሆነ እንለይ።

ሞተሯን በመሃል ማቆሚያዋ አቁማትና ካቴናውን ፍታ። ጎማውን አውጣ። ሁለቱን ሸራዎች ከነሞላቸው ከተገጠሙበት የታምቡሩ ክዳን ላይ አንሳቸው። ክዳኑን ባዶውን መልሰህ ጎማውን ግጠምና ዳዶውን እስከ ልኩ አጥብቀው። አሁንም ከያዘ ጥፋቱ የሸራው አይደለም።

እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ የፔርኖውን የውጪ ቀለበቶች እይ። ጎማ ሲወጣና ሲገባ አንዱ ተረስቶ ወይም ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ይሆናል። የክዳኑን ጠርዝ ብርሃን ላይ ይዘህ በቀስታ አዙረው። አዲስ የሚያብለጨልጭ የፍትጊያ መስመር ካየህ ክዳኑ ከጎማው እምብርት ጋር እየተፋጨ ነው። ቀለበቶቹ ልክ ከሆኑ ደግሞ ወደ ውስጥ ግባ። ጎማውን በኳስ ላይ በሚያዞሩት ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል አንድ ቱቦ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ ጭነቱን ከአንዱ ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ወደ ሌላው የሚያሻግረው እሱ ነው። ከሌለ ወይም ተበልቶ ካጠረ ቀለበቶቹ ወደ ውስጥ ተገፍተው ኳሶቹን ያንቃሉ። ጥቅም የሌለው ቁራጭ ብረት ስለሚመስል፣ አሮጌ ሞተር ላይ ኩሽኔታ ሲቀየር ወጥቶ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያለ ሸራ በነፃ ከዞረስ? ያኔ ወደ ካሙ እንሂድ፤ ሸራዎቹን የሚከፍተው ማለቴ ነው። ማስተካከያውን ጨርሰህ አላልተህም መያዙ ካሙን እንድጠረጥር ያደርገኛል። የካሙን ክንድ ከውጪ ነቅለህ ስትመልስ አንድ ጥርስ ብቻ ካሳለፍከው፣ ካሙ ተኝቶ ማረፍ ሲገባው ዘንበል ብሎ ይቆምና ሸራዎቹን ከፍቶ ይይዛል። ዘንጉ ዝጎ ከሆነም አይመለስም። አውጣው፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፣ ስስ ግራሶ ቀባው። ስስ ነው ያልኩት፤ የበዛው ሲሞቅ ቀልጦ ሸራው ላይ ይሄዳል። ታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ ግን በአየር እንዳትነፋው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ጨርቁን ጣለው።

ስትገጥም ዳዶውን በእጅህ ብቻ ያዝ አድርገው። ከዚያ የፍሬኑን ፔዳል ጠንክረህ ረግጠህ ሳትለቅ ዳዶውን አጥብቀው። ሸራዎቹ ታምቡሩን ሲጨብጡ ክዳኑ ራሱ መሃሉን ይይዛል። አዲስ ሸራ ላይ ይህ ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ። በእጅ ስታዞረው ቀጭን የመነካካት ድምፅ ብትሰማ አትደንግጥ፤ ጎማው ሳይከብድ መዞሩን ብቻ አረጋግጥ።

ክዳኑን የኋላ ጎማውን ከያዘው ሹካ ጋር የሚያያይዘውን ብረት አደራ! ቡሎኑም፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ኮፒሊያም በቦታቸው መሆናቸውን ሳታይ አትነሳ። ያ ብረት ከተፈታ ፍሬን ስትይዝ ክዳኑ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል፣ የፍሬኑን ዘንግ ይጠመዝዛል፣ ጎማውም በሩጫ ላይ እንዳለህ ይቆለፋል። ሰው የሚገድል ነገር ነው።

የፔዳሉ ባዶ ጉዞ፣ ፍሬኑ መያዝ እስኪጀምር የሚወርደው ማለቴ ነው፣ በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንተን ሞተር ልክ ከመመሪያዋ አይተህ አስተካክል። ስትለካ ሰው ተቀምጦባትም ሞክር፤ ሹካው ሲወርድና ሲወጣ የፍሬኑ ዘንግ ሊሳብ ይችላል። ካቴናውም እንደዚያው ነው፤ ጎማውን እያዞርክ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልግና ልቅነቱን እዚያ ላይ ለካ። ከዚያ አጭር መንገድ ነድተህ ታምቡሩን ንካው። ለብ ካለ ችግር የለውም። አሁንም የሚያቃጥል ከሆነ አትንዳት፤ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቶ እንደሆነ በመለኪያ የሚያይልህ ሰው ጋ ውሰደው።